የመንገደኛ ልብስ፤ በደጋው አገር ጓዝን ስለ ማቅለል የቀረበ አጭር ታሪካዊ ጥናት

መግቢያ

ሰው ለመንገድ ሲነሣ ከሚያሳስቡት ነገሮች አንዱ ምን ልብስ ልያዝ የሚለው ጥያቄ ነው። ብዙ የያዘ እንደ ሆነ ሸክሙ ይከብደዋል፤ ጥቂት የያዘ እንደ ሆነ ብርድ ያገኘዋል፤ ወይም በደረሰበት አገር ከሰው ፊት ለመቅረብ ያፍራል። ነገሩ ለታሪክ ጥናት የማይበቃ ተራ ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ዳሩ ግን ዘመቻም ቢሆን፣ ንግድም ቢሆን፣ ትምህርት ፍለጋም ቢሆን ያለ ጓዝ የተደረገ ጉዞ የለምና፣ የመንገደኛውን ጓዝ መመርመር የአገሩን ኑሮ መመርመር ነው።

የቀድሞው የኢትዮጵያ ደገኛ መንገደኛ ሳምንታት ለሚፈጅ ጉዞ ሲነሣ የሚይዘው ልብስ ከላዩ ላይ ካለው ብዙም አያልፍም ነበር። አንዳንድ ሰዎች ይህን ከድህነት ብቻ ይቈጥሩታል፤ ሌሎች ደግሞ የአባቶች ጥበብ ነው ብለው ብቻ ያመሰግኑታል። እኛ ሁለቱም አስተያየቶች ጐደሎ ናቸው እንላለን። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምራቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው፣ መንገደኛው በጥቂት ልብስ እንዴት ሊበቃው ቻለ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው፣ እርሱ ያልተሸከመውን ማን ተሸከመለት የሚለው ነው። ጥናታችን በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ የተወሰነ ነው፤ የቆላው አርብቶ አደር ጉዞ ሌላ ሥርዓት ስላለው ለብቻው መጠናት ይገባዋል። ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአገራችን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. አንድ ልብስ፣ ብዙ ሥራ

የመንገደኛው ዋና ልብስ በአገር ጥጥ የተሠራው ሸማ ነው። ሸማ እንደ አደራረቡ ስሙ ይለያያል፤ ነጠላ እንደ ስሙ ያልተደረበ ነው፤ ኩታ ሁለት ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት ድርብ ነው። ከሸማው ሥር ወንዱ እጀ ጠባብና ሱሪ ለብሶ ወገቡን በድግ ይታጠቃል፤ ሴቲቱ ቀሚሷን በመቀነት ታስራለች። ብርድ በሚበረታበት አገር ከበግ ጠጕር የተሠራ በርኖስ ይደረባል፤ በዚህ ሥራ የመንዝ ሰዎች የታወቁ ናቸው።

ከነዚህ ሁሉ ለመንገድ ጥናት ዋናው ጋቢው ነው። ከጎጃም ወደ ሸዋ የሚያልፍ ሰው ከደጋው ሜዳ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቍልቍል ይሄዳል፤ ጧት የሚያንቀጠቅጥ ብርድ፣ ቀትር ላይ የሚያቃጥል ሐሩር ያገኘዋል። ይህ ሰው የደጋ ልብስና የቆላ ልብስ ለየብቻ አይዝም። ጧት ጋቢውን ይከናነበዋል፤ ሲሞቅ አጣጥፎ ትከሻው ላይ ይጥለዋል፤ ፀሐይ ስትበረታ ራሱን ይሸፍንበታል፤ ገበያ ቢያገኝ የገዛውን ይቋጥርበታል፤ ሲመሽ ከራስ እስከ እግሩ ተጠቅልሎበት ይተኛል። ድጉም እንዲሁ ነው፤ ወገብ ያጸናል፤ የጦር መሣሪያም ይታጠቁበታል። የመቀነቱ ጫፍ ደግሞ ለሴቲቱ የገንዘብ ከረጢት ነው።

ይሁን እንጂ ልብስ ሰውነትን ለመሸፈን ብቻ የሚለበስ አይደለም፤ ክብርን፣ ሐዘንን፣ አክብሮትንም ይገልጻል። መንገደኛ ብዙ ልብስ እንዲይዝ የሚያስገድደው ዋናው ምክንያት ብርድ ሳይሆን ይህ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረ የአውሮጳ ባለጸጋ ለጧት አንድ፣ ለማታ ግብዣ ሌላ፣ ለሐዘን ሌላ፣ ለአደን ሌላ ልብስ ያሻው ነበር። በእኛ አገር ግን የሚለወጠው ልብሱ ሳይሆን አለባበሱ ነበር። ያው አንድ ኩታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ በመስቀለኛ ይጣፋል፤ ከትልቅ ሰው ፊት ሲቀርቡ ከትከሻ ወርዶ ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ይህም ማደግደግ ይባላል፤ ሐዘን ሲደርስ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ ተዘቅዝቆ ይለበሳል፤ መኰንኑ ደግሞ እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ክብሩን ያሳይበታል። ሳይመን መሲንግ የተባለው አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ይህን የሸማ አለባበስ ያለ ቃል የሚነገር ቋንቋ አድርጎ ተርጕሞታል። አነጋገሩ ትክክል ነው፤ እኛም በዚሁ ላይ ጨምረን፣ ይህ ቋንቋ የመንገደኛውን ሸክም አቅልሎለታል እንላለን። ለለቅሶም፣ ለችሎትም፣ ለቅዳሴም አንድ ኩታ የሚበቃው ሰው ሦስት ልብስ አይሸከምምና።

2. የቆሎ ተማሪ ምሳሌነት

ጓዝን እጅግ አቅልሎ በመጓዝ የቤተ ክርስቲያን ተማሪን የሚተካከል መንገደኛ አይገኝም። የትምህርቱ ሥርዓት ራሱ ከአገር ወደ አገር መሄድን ይጠይቃል፤ ቅኔ የፈለገ ወደ ጎጃም ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፣ ድጓ የፈለገ በቤጌምድር ወዳለችው ወደ ቤተልሔም፣ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር፣ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ይህ ሁሉ በእግር የሚኬድ ነው፤ ትምህርቱም ብዙ ዓመት የሚፈጅ ስለሆነ ልጅ ሆኖ ከቤቱ የወጣ ጐልማሳ ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

ጓዙ ግን አራት ነገር ነው፤ ደበሎ፣ አኩፋዳ፣ የውኃ ቅልና ዱላ። ደበሎው ጠጕሩ ያልተነሣለት የበግ ቆዳ ሲሆን ቀን ልብስ፣ ሌሊት ምንጣፍ ነው። አኩፋዳው የለመነውን ቍራሽ መያዣ ነው። ዱላው ለመንገድ መደገፊያ፣ በየደጁም ለውሻ መከላከያ ነው። መጽሐፍ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይሸከምም፤ ትምህርቱ በቃል የሚያዝ ነውና ጓዙ በራሱ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንፈልጋለን። ከአራቱ ዕቃዎች አንዱ አኩፋዳው ባዶውን የሚያዝ ነው። ተማሪው ስንቅ ሳይዝ የሚወጣው የሌላ ሰው ሞሰብ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። በየደጁ ቆሞ ስለ ማርያም ስም በለመነ ቍጥር፣ እርሱ ያልተሸከመውን እህል ያረሰ ገበሬና የጋገረች ሴት አሉ። ስለዚህ የተማሪው ጓዝ ቀላልነት የራሱ ትዕግሥት ብቻ ሳይሆን የአገሩ ሕዝብ የትምህርት መዋጮም ነው።

3. ወቅትና ወንዝ

ጓዝን ካቀለሉት ምክንያቶች አንዱ ጊዜን መምረጥ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዞች ይሞላሉ፤ ጭቃው እንስሳትን ይይዛል፤ ነጋዴም ወታደርም በያለበት ይከርማል። መንገድ የሚከፈተው በመስከረም መጨረሻ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ለዚህም የዓድዋ ዘመቻ ምስክር ነው፤ የክተት አዋጁ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ተነገረ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ከአዲስ አበባ በጥቅምት ተነሡ። በበጋ የሚሄድ ሰው የዝናብ ልብስ አይዝም፤ ለድንገተኛ ዝናብ የሚሆነውን የሣር ገሳ ገበሬው በያለበት ከአገሩ ሣር ይሠራዋል እንጂ ከሩቅ አገር ተሸክሞት አይመጣም። እንግዲህ የዘመን አቈጣጠሩ ራሱ ከጓዙ ላይ አንድ ልብስ ቀንሶለታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ወንዙ ነው። ቅያሪ ልብስ የሚያስፈልገው ልብስ ስለሚያድፍ ነው። መንገደኛው ወንዝ ሲያገኝ፣ የእንዶድ ፍሬ ወቅጦ በአረፋው ሸማውን አጥቦ፣ በቍጥቋጦ ላይ አስጥቶ፣ እስኪደርቅ ያርፋል። በበጋው ፀሐይ ስስ ሸማ ለመድረቅ ረጅም ጊዜ አይወስድም፤ ነጭነቱም የታወቀ ነው። ሳሙና አይሸከምም፤ እንዶዱ በየአጥሩና በየጫካው ዳር ይገኛልና።

የእንዶድን ነገር ካነሣን ዘንድ፣ ይህ ተራ የመንገደኛ ሳሙና በኋላ ለሳይንስ ያበረከተውን ማስታወስ ይገባል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው እንደሚገኙ አስተዋሉ። ከዚህ የተነሣው ምርምር በዓለም ታወቀ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራቸው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ለተማሪዎች ትምህርት የሚሆነው ነገር፣ ግኝቱ የተገኘው ሁሉ ሰው ዘወትር ከሚያየው የልብስ አጠባ ዘንድ መሆኑ ነው።

4. ያልተያዘው ጓዝ የት ነበር?

እስካሁን የተመለከትነው መንገደኛው ስለሚይዘው ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ።

መንገደኛ ምንጣፍ አይዝም ነበር ስንል፣ ያለ ምንጣፍ ያድር ነበር ማለታችን አይደለም። ሲመሽበት ከአንድ ቤት ደጅ ቆሞ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ይላል። ባለቤቱ አስገብቶ እግሩን ያሳጥበዋል፤ ቍርበት ወይም አጎዛ ያነጥፍለታል፤ ከእሳት ዳር ያስተኛዋል፤ ከቤት ከተገኘው ያበላዋል። እንግዲህ ምንጣፉ፣ ማገዶውና ምግቡ በየቤቱ አስቀድሞ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ነገ ደግሞ ባለቤቱ በተራው መንገደኛ ሲሆን በሌላ አገር ይህንኑ ያገኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአገራችን ምሳሌ የዚህን ሥርዓት ምሥጢር በአጭሩ ይነግረናል፤ ጓዙ ለብዙዎች ስለ ተከፋፈለ ማንንም አልከበደም።

ነገር ግን ሁሉም ጓዝ በፈቃድና በመተካካት የተከፋፈለ አልነበረም። በሚያዝያ 1512 ዓ.ም. ምጽዋ የደረሰው የፖርቱጋል መልእክተኞች ጓድ ወደ አፄ ልብነ ድንግል ሲሄድ፣ አብሮ የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የጻፈውን ስንመለከት፣ የመልእክተኞቹን ዕቃ በትእዛዝ የሚሸከመው የየአገሩ ባላገር ነበር። የአንዱ አገር ሰው እስከ ወሰኑ ተሸክሞ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ የቀጣዩ አገር ሰው መረከብ አለበት፤ ተሸካሚ ሲታጣም እንግዶቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ለመልእክተኛው ድርጎ እየተባለ የሚቀርበውም እህልና ከብት ከዚሁ ባላገር ጓዳ የሚወጣ ነው። እዚህ ላይ ጓዝ የተከፋፈለው እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ግዴታ ነው።

የዘመቻው ነገርም ከዚህ አይለይም። ወታደሩ ጋሻውን፣ ጦሩን ወይም ጠመንጃውን ይዞ ቀለል ብሎ ይሄዳል። ከኋላው ግን ስንቁን በአቁማዳ የጫኑ አህዮች፣ እንጨት ሰባሪዎች፣ እህል ፈጭተው የሚጋግሩ ሴቶች፣ የጠጅ ገንቦ ያዘሉ ገንበኞች ይከተላሉ። ማታ ሰፈር ሲደረስ ወታደሩ ያርፋል፤ የሴቲቱ ሥራ ግን የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። ስለ ዓድዋ ድል ስንጽፍ የተዋጊውን ቀላልነትና ፍጥነት ብቻ አንሥተን የተሸካሚዋን ጀርባ ብንረሳ፣ ታሪኩን በግማሹ ጻፍነው ማለት ነው።

5. ጓዝ ያበዙ እንግዶች

ከውጭ አገር የመጡ መንገደኞች ታሪክ ይህንኑ ነገር በሌላ ወገን ያሳየናል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ደጋው ሲወጣ ከጓዙ ውስጥ ኳድራንት የተባለ ከባድ የከዋክብት መለኪያ መሣሪያ ነበረበት። የጣራንታን አቀበት ሲወጡ መሣሪያው እንዳይሰበር ስለ ፈራ፣ እርሱና አብሮት የነበረው ያሲን የተባለ ሰው በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው አወጡት። በመመለሻውም በኑብያ በረሃ ግመሎቹ ስላለቁበት መሣሪያውንና መጻሕፍቱን ሁሉ አሸዋ ላይ ጥሎ በኅዳር 1765 ዓ.ም. እግሩ አብጦ አስዋን ገባ፤ ከዚያ ግመል ተሰጥቶት ተመልሶ አነሣው። ለነፍሱ ሲል የጣለው ዕቃ የጉዞው ምክንያት የሆነው ዕቃ መሆኑ ልብ ይሏል።

ከዚህም የሚበልጠው ምሳሌ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያደረገው ዘመቻ ነው። በጄኔራል ናፒየር የተመራው ይህ ጦር ወደ 13,000 ወታደር ሲኖረው፣ ተከታዩ 26,000 ያህል፣ እንስሳው ከ40,000 በላይ ይቈጠራል፤ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖችም ነበሩበት። ከዙላ ወደብ እስከ መቅደላ ያለው መንገድ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጦሩ ወደ ውስጥ በገባ ቍጥር ገደሉና አቀበቱ በረታ፤ የበቅሎው ቍጥርም አልበቃ አለ። ስለዚህ ጓዝ እንዲቀነስ ተደጋግሞ ታዘዘ፤ መኰንኖች ሣጥኖቻቸውን በኋላ ተዉ፤ ብዙ ሰው በአንድ ድንኳን እንዲያድር ሆነ፤ ወታደሩም ካፖርቱንና ብርድ ልብሱን በራሱ ትከሻ ተሸከመ። በዘመኑ በዓለም ከታወቁት ኀያላን የአንዱ ጦር መቅደላ ደጅ ሲደርስ ጓዙ የደገኛውን መንገደኛ ጓዝ ወደ መምሰል ተቃርቦ ነበር።

ሆኖም ልዩነቱን መግለጽ ይገባል። ጋቢው ለመንገዱ ተብሎ የተሠራ ያህል ብዙ ሥራ የሚሠራ ልብስ ነው፤ የእንግሊዙ ወታደር ካፖርትና ብርድ ልብስ ግን እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሥራ ብቻ ስላላቸው ሁለቱንም መያዝ ነበረበት። ትእዛዙም ሸክሙን ከበቅሎ ጀርባ ወደ ወታደር ትከሻ አዛወረው እንጂ አላጠፋውም።

6. የሻንጣ ዘመን

የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የጓዝ ታሪክ ተለወጠ። ዕቃን የሚሸከመው ሰው ወይም በቅሎ መሆኑ ቀርቶ ፉርጎ ሆነ፤ የጓዝ ክብደትም መንገደኛውን በጀርባው ሳይሆን በኪሱ የሚሰማው ሆነ። ሻንጣ የሚለው ቃል ራሱ ከቱርክ በዐረብኛ በኩል የገባ እንግዳ ቃል ነው፤ አቁማዳና ስልቻ የስንቅ መያዣ ሲሆኑ ሻንጣ ግን በተለይ የልብስ መያዣ ሆኖ ተለመደ። ይህም የሆነው አለባበሱ ስለ ተለወጠ ነው። ኮት፣ ሸሚዝ፣ ከረባትና ጫማ እያንዳንዳቸው አንድ ቦታና አንድ ሥራ ብቻ አላቸው፤ ኮትን አዘቅዝቆ ሐዘንን፣ አጣፍቶ ቅዳሴን መግለጽ አይቻልም። ሸሚዝም በእንዶድ ታጥቦ በቍጥቋጦ ላይ ቢሰጣ ያለ ካውያ አይለበስም።

በሚያዝያ 1946 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በረራ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ዘመን ገባ። አውሮፕላን ጓዝን በኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ደገኛው በጀርባው ይመዝነው የነበረውን ነገር ዛሬ መንገደኛው እንደ ገና በሚዛን ላይ ሊያስብበት ግድ ሆነ። ጥቂት ልብስ ይዞ መሄድም እንደ አዲስ ብልሃት ይነገራል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው ሦስት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ ጓዝ የሚቀለው ልብስን በመቍጠር ሳይሆን የልብሱን ሥራ በመቍጠር ነው፤ ብዙ ሥራ ያለው አንድ ልብስ አንድ ሥራ ካላቸው ብዙ ልብሶች ይበልጣል። ሁለተኛ፣ የጉዞን ወቅት መምረጥና የሚታጠብበትን ውኃ ማወቅ ከሻንጣው ላይ ልብስ ይቀንሳል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ጓዝ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ቀለል ብሎ የሚሄድ ሰው ባለበት መንገድ ሁሉ፣ ያልያዘው ነገር በሌላ ሰው ቤት፣ በሌላ ሰው ጀርባ ወይም በሌላ ሰው እጅ ይገኛል። ዛሬም ቢሆን ጥቂት ልብስ ይዞ ሆቴል የሚያድር ሰው አንሶላውን የሚያጥብለት፣ ብርድ ልብሱን የሚያነጥፍለት ሌላ ሰው አለ። ልዩነቱ ይህ ሰው እንደ ባለ ሎሚው ሃምሳ ሰው በፈቃዱና በተራው የሚካፈል መሆኑ፣ ወይም እንደ ወሰኑ ባላገር ተገዶ የሚሸከም መሆኑ ነው። የጓዝን ታሪክ የሚያጠና ሰው ከምን ያህል ልብስ ተያዘ ቀጥሎ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ይህ ይመስለናል።

ጥናቱ ገና መጀመሪያ ነው። በተለይ የገንበኞችና የወፍጮ ሴቶች ነገር፣ የሲራራ ነጋዴዎች የመንገድ ልብስ፣ የደቡብ አገሮች ቡልኮ ለመንገድ የሚሰጠው አገልግሎት በሚገባ ሊጻፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ ሽማግሌዎችንና በተለይ አሮጊቶችን፣ ድሮ ለመንገድ ምን ትይዙ ነበር፤ ያልያዛችሁትንስ ማን ይይዝላችሁ ነበር ብለው እንዲጠይቁና የሰሙትን በዚህ መጽሔት እንዲያቀርቡ እናሳስባለን።